ወዲያ ሄዶ የመጣው ወፍጮ ወቃሪ

ከዕለታት አንድ ቀን ብዬ አልጀምርላችሁም። ዕለቱን አውቀዋለሁ፤ ማኅተሙን የመታሁት እኔው ነኝ። ጥር ዘጠኝ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነበር። ጠዋት የበላሁት ሽሮ ሆዴን ነፍቶኝ ስለነበር በደንብ ትዝ ይለኛል።

አገራችን ወዲህ ትባላለች። ከባሕሩ ባሻገር ያለውን አገር ደግሞ ወዲያ እንለዋለን፤ ሌላ ስም ለማውጣት ማንም አልደከመም። በወዲህ የሰው ክብር የሚለካው ወደ ወዲያ ስንት ጊዜ ተሻግሮ እንደተመለሰ ነው። በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በሸንጎም መቀመጫ የሚደለደለው በዚሁ ነው። አንድ ጊዜ የተሻገረ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለት ጊዜ የተሻገረ በርጩማ ያገኛል፣ ባለ ሦስት ደግሞ መደገፊያ ያለው ወንበር ይቀርብለታል። ጭራሽ ያልተሻገረ ሰው ከአጥር ውጪ ይቆማል። ዝናብም ቢሆን ይቆማል፤ ሕጉ ስለ ዝናብ የሚለው ነገር የለም።

እኔ የተሻጋሪዎች መርማሪ ነበርሁ። ከወዲያ ተመለስሁ የሚለውን ሁሉ እጠይቃለሁ፣ እውነት ሄዶ እንደሆነ አረጋግጣለሁ፣ መዝገብ ላይ ጽፌ ማኅተም እመታለሁ። ሰዉም አባ ማኅተም ይለኝ ነበር። መርማሪ የሚሆን ሰው ሰባት ጊዜ የተሻገረ መሆን አለበት ይላል ደንቡ። እኔ ስሾም አንድም ጊዜ አልተሻገርሁም ነበር። ቤተ መንግሥቱ ይህን ሲሰማ ምንም አልተጨነቀ፤ ከሹመት ደብዳቤዬ ጋር ሰባቱንም መሻገር በአንድ ቀን ጽፎ ሰጠኝ። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ አጥር ጥግ የምቆም ሰው ነበርሁ፤ ከሰዓት በኋላ ባለ ሰባት ሆኜ ገባሁና ሚስቴ እግሬን አጠበችኝ። ባሕር የሚባል ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም። ሳቁ፣ እኔም ስቄበታለሁ።

ምርመራው የሚካሄደው መጽሐፈ ወዲያ በሚባል አሮጌ መጽሐፍ ነው። እዚያ እንደተጻፈው ወዲያ አገር ሰባ ክንድ የሚረዝም የመስታወት ግንብ አለ። እንግዳ ከመርከብ ሲወርድ እግሩን በወተት ያጥቡታል። የዚያ አገር ሰው አይፈጭም፣ አያቦካም፣ አይሸከምም፤ ነጭ ዳቦ በየጠዋቱ ከግንቡ ቀዳዳ ይወርድለታል። መጽሐፉን ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ብራናው ግን የኛው አገር ፍየል ቆዳ ነው፤ ሽታውን አላጣውም።

እንግዲህ ገመናችንን ልንገራችሁ። ማንም አይሄድም ነበር።

ሁሉም የመሻገሪያ ግብሩን ይከፍላል፣ ይሰናበታል፣ ከዚያ መንገዱ የሚፈጀውን አርባ ቀን ይደበቃል። የሚደበቅበት ግን እንደ ኪሱና እንደ ዘሩ ነው። አባቱም አያቱም ተሻጋሪ የሆኑለት ባለርስት ግብር አይከፍልም፤ እንዲያውም ስንቁን መንግሥት ይሰጠዋል። ሦስት ቀን ነጋሪት አስመትቶ ይሸኛል፣ ከዚያ ከገዛ ግቢው ጓሮ ባለው ቤት ገብቶ ጠጁንና ጮማውን ሲል ይከርማል። በአርባ አንደኛው ቀን ጉንጩ ተነፍቶ ብቅ ሲል እኛ መዝገብ ላይ «የባሕር አየር ተስማምቶታል» ብለን እንጽፋለን። ነጋዴው እንዲህ ያለ ጓሮ ስለሌለው ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዞ ፍል ውኃው አጠገብ ከእማማ ዘርፌ ቤት ክፍል ይከራያል። እማማ ዘርፌ አሥራ ሁለት ክፍል አላቸው። የመጽሐፉን መልስ በቃል ያስጠናሉ፣ ለማስረጃ የሚሆን ነጭ አሸዋም ከወንዛቸው ይሸጣሉ። ነጋዴ ታዲያ ገንዘቡን የሚጨርሰው በመሄዱ ሳይሆን በመመለሱ ነው፤ ባርኔጣ ይገዛል፣ ጃንጥላ ይገዛል፣ የአገሩ ቅቤ አልስማማኝ አለ እያለ ሚስቱን ያስጨንቃል። ምስኪኑ ጸሐፊ ደግሞ ባርኔጣ ተውሶ አርባውን ቀን አማቱ ቤት ይደበቃል። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሁሉ የሚከብደው መንገድ የሱ ነው።

ይህን ምስጢር አባት ለልጁ የሚነግረው ልጁ መሻገሪያው ሲደርስ ነው። ከቤት አይወጣም። አባቱ ያልተሻገረ ሰው የሚነግረው የለም። ሕጉም ቢሆን ለእንዲህ ያለ ሰው አይራራም፤ ዘሩ ውስጥ ተሻጋሪ የሌለበት ግብሩን ሦስት እጥፍ ይከፍላል፣ ላይመለስ ይችላል ተብሎም መያዣ ይጠየቃል። ድሃ እንዳይሄድ የተሠራ ደንብ ነው ብትሉኝ አልከራከራችሁም።

ከታችኛው ሰፈር ይርዳው የሚባል ወፍጮ ወቃሪ ነበር። የደነዘዘ የወፍጮ ድንጋይ በየቤቱ እየዞረ በመውቀሪያ የሚያሾል፣ ሽፋሽፍቱ ላይ የድንጋይ ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነው። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት እናኑ የምትባል ልጁን ብቻውን አሳደገ። የምንይችል ልጅ ይቺን እናኑን ወደዳት። ምንይችል ማለት ባለ ሦስት ነው፤ በመርማሪነት ሥራዬም ከጎኔ የሚቀመጥ ዳኛ ነበር። ምንይችል የወቃሪ ልጅ መሆኗ ባይጥመውም ልጁ ሌላ አላገባም ስላለው ሽማግሌ ላከ፤ ሠርጉም ለጥር አሥራ አራት ተቆረጠ።

ይኸው ነገር መጣ። በኛ አገር ሙሽራ ከቤቷ ከመውጣቷ በፊት አባቷ ይመርቃታል፤ ካልተመረቀች አትወጣም። አባቷ ያልተሻገረ ከሆነ ግን ከገዛ ቤቱ አጥር ውጪ ቆሞ ያያል፤ በሱ ፈንታ መርማሪው ይመርቃል። በዘመኔ ስንቱን የሰው ልጅ እንደመረቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ይርዳው ይህን ሊሸከመው አልቻለም። እናኑ ከሱ በቀር የሚመርቃት ዘመድ የላትም። አንድ ቀን ልጄን በገዛ አፌ መርቄ እድራታለሁ ሲል ሃያ ዓመት ቆይቷል። ስለዚህ የገብስ ማሳውን ሸጠ፣ በቅሎውን ሸጠ፣ የሚስቱን የብር ድሪ ሸጠ። ቤቱን መያዣ አደረገ። ሦስት እጥፉን ግብር የተቀበልሁት እኔ ነኝ፤ የቋጠረበት ጨርቅ በብናኝ ነጭ ሆኖ ነበር። የት እንደሚደበቅ አልጠየቅሁትም። እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ነውር ነው።

ሰውየው ግን ወደብ ወረደ። የወደቡ ጸሐፊ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የማይመጡ መንገደኞችን ስም ሲጽፍ የኖረ ነው። ይርዳው ስልቻውን አንግቶ «መርከቡ የቱ ነው?» ሲለው ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። መርከብ መቼም አለ፤ ቆዳና ጨው እየጫነ ይመላለሳል። ጸሐፊው ደጋግሞ፣ እውነትህን ነው፣ አስበህበታል ወይ ቢለው ይርዳው አለባበሴን ንቆ ነው ብሎ ተቀየመ። ከዚያ ከቆዳው መሀል ተወሽቆ ሄደ።

ኅዳር ማለቂያ ላይ ሄዶ ጥር ስምንት ተመለሰ፤ በማግስቱ ለምርመራ ቀረበ። ገና ሲገባ ነገሩ አላማረኝም። ከስቷል። አፍንጫው ተልጧል። ጥሬ ቆዳ ጥሬ ቆዳ ይሸታል። ከወዲያ ከስቶ የተመለሰ ሰው በመዝገባችን ተጽፎ አያውቅም። ምንይችል መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ። ይርዳው ግን ፊቱ በርቷል፤ ከዛሬ በኋላ ከአጥሩ ውስጥ ነኝ ብሎ የቆረጠ ሰው ፊት ነበር።

ከመርከብ ስትወርድ እግርህን በምን አጠቡህ አልሁት። ማንም አላጠበኝም አለ። ቋንቋቸውን ባይሰማም መንገድ ዘግተሃል ያሉት መስሎታል፤ ገፋ አድርገው አሳለፉት። ስለ ግንቡ ጠየቅሁት። ትልልቅ ቤት አለ፣ መስታወቱ ግን መስኮታቸው ላይ ብቻ ነው አለኝ። አሸዋውስ ብለው ባሕሩ ዳር ያለው ጭቃ ነው አለና ከጫማው ስር አሳየኝ። ምንይችል ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ዳቦው በየት በኩል ይወርዳል?

ይርዳው ሳቀ። ይፈጫሉ እንጂ አለ። እንደውም ወፍጯቸውን አይቷል። የድንጋዩ ፈር እንደኛ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ከመሀል ወደ ዳር ዘመም እያለ ነው የሚወጣው፤ ለዚህ ነው ዱቄቱ ሳይቃጠል ቶሎ የሚወጣላቸው። እዚያም አንድ ሽማግሌ ወቃሪ አግኝቶ፣ ቃል ሳይለዋወጡ፣ ሁለቱ ተቀምጠው አንድ ድንጋይ ሲወቅሩ ውለዋል። ሽማግሌው በሽንኩርት የተሠራ ሾርባ አበላው፣ ሲለያዩ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ይርዳው ይህን ሲያወራ ከወለሉ ላይ ተንበርክኮ ፈሩን በጣቱ ይስልልን ጀመር። ባሕሩ ላይ አሥራ አንድ ቀን ሲያስታውከው እንደሰነበተም አልደበቀም።

ያኔ አወቅሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ወዲያ ስሰማ ኖሬ ስለ ሽንኩርት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህ ሰው ሄዷል፤ ከወዲህ ሰው የእውነት የሄደ እሱ ብቻ ነው። ፈራሁም። እሱ ከሄደ ሌላው ሁሉ አልሄደም፤ ማኅተሜም የረባ ነገር አልነበረም፤ ምንይችልም ከወንበሩ ይነሣል፣ እኔም ከቤቴ። እጄ ሳያስፈቅደኝ ጥቁሩን ማኅተም አነሣ። «አልሄደም» የሚለው ነው። መታሁት።

ይርዳው መጀመሪያ አልገባውም። ማንበብ ስለማይችል አመሰገነኝና ወጣ። ውጪ ቆሞ የነበረ ዘበኛ አነበበለት።

ወሬው እስከ ማታ ሰፈሩን ሞላው። ገንዘቡን ጠጥቶበት ነው አሉ። ምስጢሩን በሚያውቁት መሀል ደግሞ፣ እማማ ዘርፌ ፍል ውኃ አልመጣም ብለው ስለማሉ ዱር ነው የተደበቀው የሚል ተጨመረበት፤ መቼም ለአንዲት ክፍል ኪራይ የሚሆን እንኳ አጥቶ ነው ተብሎ ታዘነለት። እሱ ግን ወፍጮ ለመውቀር በየቤቱ ሲዞር ሰው በር ይዘጋበት ጀመር። ማሳ የለ፣ በቅሎ የለ፣ አሁን ደግሞ ስምም የለ።

በዚያ ሐሙስ ይርዳው ከወጣ በኋላ እኔና ምንይችል ብቻችንን ቀርተን ነበር። ምንይችል መሐረቡን ሲያጥፍ፣ ሲፈታ፣ ሲያጥፍ ቆየ። ከዚያ ወደኔ ሳያይ፣ እንደ ልጅ በቀጭኑ፣ «ለካ ያስታውካል?» አለኝ። ባለ ሦስት ነው ይህን የሚጠይቀው። እኔም ባለ ሰባቱ፣ «ይመስላል» አልሁት። ሁለታችንም ወለሉ ላይ የተሳለውን ፈር ስናይ ቆየንና ቤታችን ገባን።

እኔ ጭራሽ ጨካኝ ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ዕለት ይርዳውን ቢሮዬ አስጠራሁና በሩን ዘጋሁ። ነገ እንደገና ቅረብ አልሁት። ወተት በል። ሰባ ክንድ በል። ዳቦው በምሥራቅ በኩል ባለው ቀዳዳ ይወርዳል በል። አሸዋውን እኔው እሰጥሃለሁ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ሞልቷል። ሌላው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ማንም አልሄደም፣ አንተ ብቻ ነህ ሄደህ የመጣኸው ብዬ ሁሉንም ዘረገፍሁለት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም።

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ማሳውን ያስታወሰ መሰለኝ፣ ዓይኑ ትንሽ ራሰ። ከዚያ እንዲህ አለኝ።

«ጌታዬ፣ ይሄ አፍ ልጄን የምመርቅበት ነው። ዛሬ ወተት ነው ብዬ ዋሽቼ ነገ በዚሁ አፍ ፈጣሪን ባርካት ብለው እንዴት ይሰማኛል?»

«ካልዋሸህ እኮ ጭራሽ አትመርቃትም» አልሁት።

«እሱንም አስቤዋለሁ» አለ። ከዚያ እጅ ነስቶ ወጣ። ደንቆሮ ብዬ ሰደብሁት፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ታዲያ። በጣም ነው ያናደደኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የጠየቅሁት።

ሠርጉ ደረሰ። የይርዳው ደጅ ትንሽ ናት፤ ምንጣፉም በርጩማውም ወንበሩም ተጣብቆ ነው የተደረደረው። ምንይችል መደገፊያው ላይ ተለጥጦ፣ ባለጃንጥላዎቹ ነጋዴዎች ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ስለ መስታወቱ ግንብ እየተቀባበሉ ያወራሉ። አንዱ ሰባ ክንድ ሲል ሌላው የለም እኔ ስሄድ ጨምረውበት ሰማንያ ደርሶ ነበር ይላል። ይርዳው ነጭ ለብሶ፣ ከገዛ አጥሩ ውጪ፣ ከጎረቤት ፍየሎች ጋር ቆሟል። አጥሩ ዝቅ ያለ ቁልቋል ስለሆነ ከደረቱ በላይ ይታየኛል። አላየሁትም ለማለት ሌላ ሌላውን ሳይ ነበር።

ሙሽራዋ ወጣችና ፊቴ ተንበረከከች። ሕጉ እንደሚለው እጄን ራሷ ላይ አደረግሁ። ልጀምር አፌን ስከፍት ከዓይነ ርግቡ ስር፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ ጠራችኝ።

«አባባ፣ ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ። እርስዎ መርምረውታል። አባቴ ሄዷል አይደል?»

ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው፤ ነጋዴዎቹ ወሬያቸውን አቁመዋል፤ ምንይችል መሐረቡን ይዞ ወደ ፊት ጠጋ ብሏል፣ የሰማ ይመስል። አዎ ሄዷል የምትል አንዲት ቃል በጆሮዋ ባንሾካሹክ ማንም አይሰማኝም ነበር። ወንበሬም አይነቃነቅ፣ መዝገቡም አይቀየር። እሷ ግን አባቷን ይዛ ትሄድ ነበር። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ አላሰብሁትም አልላችሁም።

«ልጄ፣ መዝገቡ አልሄደም ይላል» አልኋት።

ራሷ ከእጄ ስር ትንሽ ዝቅ አለ። ከዚያ መረቅሁ። ወልዳችሁ ሳሙ አልሁ፤ ቤታችሁ ይሙላ አልሁ፤ እጃችሁ የያዘው ይባረክ፣ ክፉ አይንካችሁ አልሁ። ድምፄ ጥሩ ነው፣ ሁልጊዜም ይነግሩኛል። ምንጣፉም፣ በርጩማውም፣ ወንበሩም አሜን አለ። እሷ አላለችም። ሁሉም ከጨረሰ በኋላ፣ ጸጥ ሲል፣ ከአጥሩ ውጪ አንድ ሰው ጮክ ብሎ አሜን አለ። አባቷ ነበር። በሰው አፍ ለተመረቀችው ልጁ፣ ምርቃቱ እንዳይጎድልባት፣ አሜን አለላት። እሷም ያኔ አሜን አለች።

በማግስቱ ሥራዬን ለቀቅሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ደመወዜም ተጨምሮልኛል።